ጀማሪውን ማን ያስገባዋል? ከደብረ ታቦር ሰንጠረዥ እስከ ኢንተርኔት ጨዋታ

ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወተው ጨዋታ ሁሉ አንድ የቆየ ችግር አለበት። አዋቂው ለማሸነፍ ይመጣል፣ ጀማሪው ደግሞ ለመልመድ። ሁለቱ አንድ ሜዳ ላይ ሲገናኙ ጀማሪው ይሸነፋል፤ ደጋግሞ ሲሸነፍም ይቀራል። እሱ በመቅረቱ ለጊዜው የሚጎዳ ያለ አይመስልም። ዓመታት ሲያልፉ ግን አዋቂው የሚገጥመው ሰው ያጣል፣ ጨዋታውም ከአዋቂዎቹ ጋር አብሮ ያረጃል። የዛሬዎቹ የኢንተርኔት ጨዋታ ሠሪዎች የአዲሱን ተጫዋች የመጀመሪያ ሰዓት ለማሳመር ብዙ ገንዘብና ጊዜ የሚያወጡት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ጉዳዩ ግን ከኮምፒውተር በፊትም ነበር። ከጉና ተራራ ማዶ፣ በደብረ ታቦር የመሳፍንት አደባባይ ሰንጠረዥ በሚዘረጋበት ዘመን ይኸው ጥያቄ ነበር፤ ዛሬም በዚያችው ከተማ ስልኩን ይዞ ለተቀመጠ ወጣት ጥያቄው ያው ነው። ታሪኩን ከሥሩ እንከተለው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ለይተን ካላመለከትን በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የመኳንንቱ ጨዋታ

ሰንጠረዥ ከፋርስና ከዓረብ አገር የተዛመተው የቼዝ ዘር ነው። ወደ ኢትዮጵያ መቼ እንደገባ በቀን ቆርጦ መናገር አይቻልም፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን በቤተ መንግሥት ውስጥ እናገኘዋለን። ከ1508 እስከ 1540 የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከሚባል ቬኒሳዊ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር በዘመኑ ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ ስለ ጨዋታው የምንሰማው ጥቂት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ወደ ትግራይ ሲመጣ፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ከመንግሥት ሥራ ሲያርፉ ሰንጠረዥ ፊት ሲቀመጡ አየ፤ በ1814 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍም ጨዋታውን ለአውሮፓ አንባቢ አስተዋወቀ።

የበለጠ ዝርዝር የተገኘው ግን ከበጌምድር ነው። ደብረ ታቦርን የቆረቆሯት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ከእሳቸው በኋላ የልጅ ልጃቸው ራስ አሊ፣ ዳግማዊ አሊ የሚባሉት፣ ከ1831 ጀምሮ በከተማዪቱ ተቀምጠው የጎንደርን ነገሥታት እንደፈለጉ ይሾሙና ይሽሩ ነበር። በ1843 ዋልተር ፕላውደንና ጆን ቤል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ወደ አገሩ ገቡ። ቤል ኢትዮጵያዊት አግብቶ እዚያው ቀረ። ፕላውደን ደግሞ በ1848 የአገሩ ቆንስል ሆኖ ተሾመና በማግሥቱ ዓመት ከራስ አሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። ለዓመታት በመኳንንቱ መካከል የኖረ ሰው ስለነበረ ሰንጠረዡን በቅርብ ተመለከተው፣ ደንቡንም ጻፈው። በ1860 ጎንደር አጠገብ በሽፍቶች ቆስሎ ሞተ፤ ማስታወሻው በ1868 ወንድሙ አሳትሞለት ወጣ።

እስቲ ሰሌዳውን ቀረብ ብለን እንየው። እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም። አንድ ቁራጭ ጨርቅ ነው፤ በላዩ ላይ በተሰፋ ወይም በተሰመረ መስመር ስምንት በስምንት ተከፍሏል። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ በሁለቱ ወገን ይደረደራሉ። ዛሬ ንግሥት የምንላት ኃይለኛ እዚህ የለችም፤ በእሷ ቦታ ያለው ፈርዝ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ የሚራመድ ደካማ ነው። ፊል በማዕዘን ሁለት ቤት ይዘላል። መደቅ አንድ አንድ ቤት እየገፋ ይሄዳል፤ መጨረሻ ቢደርስም ፈርዝ ከመሆን አያልፍም።

ከሌላው ዓለም ቼዝ ሁሉ የሚለየው አጀማመሩ ነው። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ የቻሉትን ያህል ፈጥነው፣ ያሻቸውን እያንቀሳቀሱ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ቁራጭ እስኪበላ ድረስ ይህ ይቀጥላል፤ ከተበላ በኋላ ነው ተራ የሚጠበቀው። ለጀማሪ ሲታይ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ማንም ሳይመታው፣ በራሱ ልክ፣ ቤቱን የሚሠራበት ጊዜ ያገኛል። አዋቂው በበኩሉ እጁን እያንቀሳቀሰ ዓይኑን ከባላጋራው አሰላለፍ አይነቅልም፤ ያኛው ሲለውጥ እሱም ይለውጣል። ወረራ ለጀማሪው መጠለያ፣ ለአዋቂው ደግሞ የጥበብ መድረክ ነበር ማለት ነው።

አጨራረሱም የራሱ ይሉኝታ ነበረው። ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማሳደድ ክብር አልነበረም። በኃይለኞቹ በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ፣ ማለትም ንጉሡን መውጫ ማሳጣት፣ እንደ ተራ ነገር ይቆጠራል፤ በደካሞቹ በፊል፣ በፈርዝና በመደቅ አጣምሮ የጨረሰ ነው የሚመሰገነው። እንዲህ ያለው ልማድ ኃይለኛው በኃይሉ ብቻ እንዳይጨርስ ያስገድደዋል፤ ደካማው ተጫዋችም ጥቂት እንዲቆይ ዕድል ይሰጠዋል። በዚያ ላይ ጨዋታው ጸጥታ አያውቅም። ዙሪያውን የከበበው ሰው ይመክራል፣ ይጮኻል፣ ይሟገታል። አዲስ ገቢው ብቻውን አይደለም፤ ከጀርባው የሚመክረው ሞልቷል።

እንግዲህ ሰንጠረዥ በውስጡ ለጀማሪ የተመቸ ነበር። ችግሩ ከሰሌዳው ውጭ ነበር። ጨርቁ የሚዘረጋው በመኳንንቱ ድንኳንና አዳራሽ ነው። ለመማር መጀመሪያ እዚያ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ እዚያ ለመቀመጥ ደግሞ የጌታ ልጅ ወይም የጌታ ባለሟል መሆን።

በሩ ሲዘጋ

በ1853 ደጃዝማች ካሣ ራስ አሊን አይሻል ላይ ድል አደረጉና የየጁ መሳፍንት ዘመን አበቃ። ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ ደብረ ታቦርን ዋና መቀመጫቸው አደረጓት፤ አጠገቧ ባለችው ጋፋትም አውሮፓውያን መድፍ ይሠሩላቸው ጀመር። በ1867 ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስጎትተው ወደ መቅደላ ሲነሡ ከተማዪቱን አቃጥለዋት ሄዱ። ያ ዘመን ለሰንጠረዥ የሚመች አልነበረም።

ጨዋታው ግን ወዲያው አልሞተም። የዘር ሐረጋቸው ከራስ ጉግሣ የሚመዘዘው እቴጌ ጣይቱ ብጡል ማንበብና መጻፍን፣ በገና መደርደርንና ሰንጠረዥን አሳምረው ከሚያውቁ ወይዛዝርት አንዷ እንደነበሩ ይነገርላቸዋል። በ1886 አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላም ጨዋታው በቤተ መንግሥት ቀጠለ። ሆኖም ከመኳንንቱ አዳራሽ አልወጣም። በ1936 ጣሊያን አገሪቱን ሲይዝ፣ አዳራሾቹ ሲፈርሱና ባለቤቶቻቸው ሲሰደዱ ወይም ሲሞቱ፣ ሰንጠረዥ መሸሸጊያ አጣ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ደንብ ሲጽፉ፣ የሚጽፉት በአብዛኛው ስላለፈ ነገር ነበር።

እዚህ ላይ ገበጣን ከጎኑ ብናስቀምጠው ልዩነቱ ይታያል። ፓንክረስት በዚያው ዓመት ስለ ገበጣም ጽፈዋል፤ ከ100 በላይ ዓይነት አጨዋወት ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ ሰብስበዋል። ከተለመዱት በአንዱ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ይቆፈራል፤ በእያንዳንዱ አራት አራት ጠጠር ይገባል፣ በድምሩ 48። እረኛው ከብቶቹን አሰማርቶ መሬቱን በጣቱ ይምሳል፣ ጠጠር ይለቅማል፣ የጓደኛውን እጅ እያየ ይማራል። ገና ጨዋታም እንዲሁ ነው፦ ቆልማማ ዱላና አንድ ኳስ ከተገኘ ሜዳው ለሁሉም ነው፤ በዚያ ቀን ጌታ እንኳ ቢመታ እንደማይቆጣ በምሳሌያዊ አነጋገራችን የታወቀ ነው።

ሰንጠረዥ ከሦስቱ ረቂቁ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገበጣና ገና ኖረው እሱ የጠፋው በጥበብ ስላነሰ አይደለም። ሁለቱ በየዓመቱ አዲስ ልጅ ሲያስገቡ፣ ሰንጠረዥ የሚያስገባው ደጅ ጠንቶ የተፈቀደለትን ብቻ ነበር።

የእኩያ ፍለጋ

ሰንጠረዥ በአገሩ እየተረሳ ባለበት ጊዜ የአውሮፓው ዘመዱ ሌላ መላ እያገኘ ነበር። በአሜሪካ የሚኖሩት የሃንጋሪ ተወላጅ የፊዚክስ መምህር አርፓድ ኤሎ የቼዝ ተጫዋችን ችሎታ በቁጥር የሚገልጹበት ስሌት ሠሩ። ጠንካራውን ብታሸንፍ ቁጥርህ ብዙ ይጨምራል፤ ደካማውን ብታሸንፍ ግን ጭማሪው ጥቂት ነው። የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን በ1970 ስሌቱን ተቀበለ። መጀመሪያ የታሰበው ለደረጃ ነው፤ በኋላ ግን ዋናው ጥቅሙ ሌላ ሆኖ ተገኘ፦ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች እኩያ መሆናቸውን ሳይገጥሙ በፊት ማወቅ ተቻለ።

በ1978 ሮይ ትሩብሾ የተባለ የእንግሊዙ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብዙ ሰዎች በየኮምፒውተራቸው ሆነው በአንድ ጊዜ የሚገቡበት የጽሑፍ ዓለም ፈጠረ፤ ስሙም ማድ ተባለ። ሥዕል የለውም፤ ኮምፒውተሩ ያለህበትን ክፍል በቃላት ይነግርሃል፣ አንተም የምታደርገውን ትጽፋለህ። ጓደኛው ሪቻርድ ባርትል ሥራውን ተረክቦ አሳደገው። ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ያሉ ሰዎች በስልክ መስመር ሌሊት ሌሊት መግባት ሲጀምሩ ችግሩም አብሮ ገባ፦ የቆዩት አዲሶቹን ይገድሉ ነበር። ባርትል ከዓመታት በኋላ፣ በ1996፣ ተጫዋቾችን በአራት መደባቸው፦ ማዕረግ ፈላጊ፣ አሳሽ፣ ወዳጅ ፈላጊና አጥቂ። አጥቂው ሲበዛ ወዳጅ ፈላጊው ይሸሻል፤ እሱ ሲሸሽ ጨዋታው ይራቆታል ሲል አስጠነቀቀ።

ማስጠንቀቂያው ብዙም አልቆየም፣ ደረሰ። በመስከረም 1997 አልቲማ ኦንላይን የሚባል ጨዋታ ተከፈተ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ሰፊ አገር ይኖሩበታል፤ ያርሳሉ፣ ይነግዳሉ፣ ይዋጋሉ። አዲሱ ተጫዋች ከከተማው በር ወጣ ሲል ግን ቀበኛ ይጠብቀዋል። ይገድለዋል፣ የያዘውን ይገፈዋል። ሠሪዎቹ የሕዝቡ ዳኝነት ነገሩን ያስተካክለዋል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር፤ አላስተካከለውም። በ2000 አገሩን ለሁለት ከፈሉት። በአንዱ የድሮው ሕግ ቀጠለ፤ ትራምል በተባለው በሌላው ደግሞ ያለ ስምምነት ሰው መግደል ተከለከለ። ብዙው ሰው ወደ ሰላሙ አገር ጎረፈ። የቀሩት ደግሞ ጨዋታው ጨው አጣ ብለው እስከ ዛሬ ያማርራሉ።

ሌሎች ከዚህ ተምረው መንገዱን ከበሩ ጀመሩ። የጎወር ወንድማማቾች የሠሩት ሩንስኬፕ በ2001 ተከፈተ፤ በ2002 ለአዲስ ገቢ ብቻ የተለየች ደሴት ተጨመረችበት። ወደዚያች ደሴት የገባ ሰው በአንድ ጊዜ ሁሉን አይነገረውም ነበር። አንድ መካሪ እንጨት ቆርጠህ እሳት አንድድ ይለዋል፤ ቀጥሎ ከውሃው ሽሪምፕ አጥምድ፣ ከዚያ በእሳቱ ላይ ጥበስ። የመጀመሪያው ሽሪምፕ ያርራል፤ እንዲያርር ተደርጎ ነው የተሠራው። መካሪው አይዞህ፣ ያጋጥማል፣ ሌላ ሞክር ይለዋል። ሁለተኛው ይሳካል። ጀማሪው ምግብ ማብሰልን ብቻ አልተማረም፤ በዚህ አገር መሳሳት እንደማያስወጣ ገባው።

አይስላንዳውያን በ2003 ያወጡት ኢቭ ኦንላይን በተቃራኒው ለጀማሪ እንደ ገደል የሚታይ ጨዋታ ነበር። በጠፈር መርከብ የሚነገድበትና የሚዋጉበት፣ ሥርዓቱ ስፍር ቁጥር የሌለው ዓለም ነው። ሠሪዎቹ ያልሞሉትን ተጫዋቾቹ ሞሉት፤ በ2004 ኢቭ ዩኒቨርሲቲ የተባለ ማኅበር አቋቁመው አዲስ ገቢዎችን ማስተማር ጀመሩ። ለደቡብ ጎንደር ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። አገሩ የድጓው የጋይንት ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ፣ የአቋቋሙ ደብረ ታቦር አገር ነው። በአብነት ትምህርት ቤት መሪጌታው እያንዳንዱን አዲስ ተማሪ ራሳቸው ተቀምጠው አያስቀጽሉም፤ ትንሽ የቀደመው የኋላኛውን ያስቀጽላል። ትናንት የከበደውን ነገር ገና ያልረሳ ሰው ስለሆነ ጀማሪው የት ላይ እንደሚሰናከል ያውቃል።

ኢቭ አንድ ያልተጠበቀ ነገርም አሳየ። ድርጅቱ በ2015 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት መርከባቸው በሌላ ተጫዋች የተመታባቸው ጀማሪዎች ማንም ካልነካቸው ይልቅ በጨዋታው ቆይተው ተገኙ። ጀማሪውን የሚያባርረው ሽንፈት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ሰው በሞላበት አገር ብቻውን መዋሉም ያባርረዋል። የመታው ሰው ቢያንስ መኖሩን አይቶታል።

ኢቭ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ማይክሮሶፍት በኤክስቦክስ ጨዋታዎች ላይ ትሩስኪል የተባለ ስሌት አስገባ። የኤሎን ሐሳብ ወስዶ ከሁለት ሰው በላይ ለሚሳተፉበት ግጥሚያ አሰፋው፤ በቡድን የሚጫወቱትን ሳይቀር በየአቅማቸው ማገናኘት ተቻለ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ተጫወት የሚለውን ሲጫን፣ ከበስተጀርባ አንድ ማሽን እኩያውን ይፈልግለታል።

ጌም ቤት

ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ያገኘችው በ1997 ነው፤ አልቲማ ኦንላይን በተከፈተበት ዓመት። ለረጅም ጊዜ ግን አገልግሎቱ ውድና ቀርፋፋ፣ ከአዲስ አበባም ብዙ ያልወጣ ነበር። ስለዚህ የኢትዮጵያ ወጣት ከብዙ ሰው ጋር መጫወትን የተማረው በኢንተርኔት ሳይሆን በጌም ቤት ነው። መጀመሪያ ጆተኒ፣ ፑል፣ በኋላም ፕሌይስቴሽን። ደብረ ታቦርም እንደ ሌሎች ከተሞች የዚህ ባህል ተካፋይ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ከየአገሩ የመጣ ወጣት ሞልቶባታል።

የጌም ቤት ሥርዓት ቀላል ነው። አንድ ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ ግድግዳውን ተደግፎ የተደረደረ አግዳሚ ወንበር። ሁለት ሰዎች ጆይስቲክ ይዘው ፊፋ ወይም ፔስ የሚባሉትን የእግር ኳስ ጨዋታዎች ይጫወታሉ፣ የተቀረው ያያል። በብዙ ቦታ ሕጉ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል የሚል ነው። ለቤቱ ባለቤትና ለአዋቂው ይህ ጥሩ ሕግ ነው፤ ባለቤቱ ሒሳቡን ይሰበስባል፣ አዋቂው ደግሞ በነጻ ሲጫወት ይውላል። ለጀማሪው ግን ከዚህ የከፋ ሥርዓት መፍጠር ይከብዳል። ብዙ ጠብቆ ተራው ሲደርስ የሚገጥመው ከሁሉ የሚበረታውን ነው፤ ገንዘቡም ጊዜውም በአንድ ግጥሚያ ያልቃል፣ ወደ አግዳሚው ይመለሳል። ኤሎ በስሌት ያመጣው ፍትሕ እዚህ ተገልብጦ ይሠራል።

ያም ሆኖ ጌም ቤት ያልሞተው ለምንድን ነው? የሰንጠረዡ ጫጫታ እዚያም ስላለ ነው። በግራ ስጠው፣ አትሩጥ፣ ቆይ ቆይ የሚል ሰው አይጠፋም። ጀማሪው ተራው እስኪደርስ ሲያይ ይማራል፤ ከዚያ ጓደኛውን ይዞ ሰው በሌለበት ጠዋት ይመጣና ሁለት ጀማሪዎች እርስ በርሳቸው ይለማመዳሉ። ሥርዓቱ ያልሰጠውን እኩያ ራሱ ፈልጎ ያመጣል።

ስልክ በእጅ

በ2018 ፐብጂ ሞባይል ወጣ። እስከ 100 ተጫዋች ከአውሮፕላን ዘሎ በአንድ ደሴት ላይ ይወርዳል፤ የመጨረሻው የተረፈ ያሸንፋል። ኮምፒውተር መግዛት ያልቻለ ወጣት፣ ስማርት ስልክ እጁ ስለገባ ብቻ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዓለም ጋር በአንድ ሜዳ ተገናኘ። በኢትዮጵያም ጨዋታው ብዙ ወጣት አሰለፈ።

ሠሪዎቹ ለጀማሪው የፈለሰፉት መላ ቦት ነው። አዲስ ገቢ በመጀመሪያ ግጥሚያዎቹ ከሚገጥማቸው ብዙዎቹ ሰው አይደሉም፤ ቀስ ብለው የሚሮጡ፣ አስተኳኮሳቸው የላላ፣ በኮምፒውተር የሚነዱ ናቸው። ልጁ ያሸንፋል፣ ይደሰታል፣ ይመለሳል። ደረጃው ከፍ ሲል ቦቶቹ እየቀነሱ ሰዎቹ ይበዛሉ። በመጀመሪያው ቀን አሸናፊ ያደረገው ማን እንደሆነ አይነገረውም። ብልሃቱ ይሠራል፤ ሐቀኛ ነው ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ሩንስኬፕ ጀማሪውን ስህተትን አስለመደው፤ ቦቱ ግን ያላገኘውን ድል ይሰጠዋል፣ ያ ድል ሲያልቅም መውደቁ ይከብዳል።

ለደብረ ታቦር ልጅ ከቦቱ በፊት የሚመጡ ሌሎች በሮችም አሉ። ጨዋታውን ማውረድ ብቻ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ዳታ ይበላል፤ ያ ካርድ ነው፣ ካርዱም የቤት ወጪ ነው። መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው። ሰርቨሩ ያለው አውሮፓ ወይም መካከለኛው ምሥራቅ ነው፤ እዚህ ተኩስ ሲል እዚያ እስኪደርስ በመካከል የሚያልፈው ቅጽበት ከሚገጥመው ሰው የበለጠ ጠላት ይሆንበታል። የጨዋታ ሠሪዎች ስለ አዲስ ተጫዋች ሲያስቡ በዓይናቸው የሚታያቸው ልጅ እሱ አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ ይህን የተረዱ ነበሩ። ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ የተባለ የስልክ ጨዋታ አወጣ፦ ከገበሬው የምታመልጥ ዶሮ በገጠሩ መልክዓ ምድር ትሮጣለች። ማንም ኢትዮጵያዊ ልጅ ለምን እንደምትሮጥ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ በዓል ሲደርስ የዶሮን ነገር ያውቀዋል። ቀጥሎ ይኸው ድርጅት ገበጣን ወደ ስልክ አመጣ። የጨዋታውን መንፈስ ከእረኝነት የሚያውቅ ሰው ከመጀመሪያው ቅጽበት ጀምሮ እንግድነት አይሰማውም። ይህ በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ ርካሹና ውጤታማው የጀማሪ መቀበያ ነው፦ ሰውየው ከሚያውቀው መጀመር።

የተቋረጠው መስመር

በሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ተቋረጠ። መቋረጡ ለወራት ዘለቀ። ትምህርት፣ ባንክ፣ የቤተሰብ ወሬ፣ ንግድ ሁሉ የተጎዳበት ጊዜ ነው፤ በዚያ መካከል የጨዋታ ነገር ማንሳት የቅንጦት ሊመስል ይችላል። ግን ሌላ ቦታ ለመሄድ መንገድ ለተዘጋበት ወጣት ያቺ ስክሪን ከጓደኞቹ ጋር የሚገናኝባት አደባባይ ነበረች፣ እሷም ጠፋች።

መስመሩ ሲመለስ የሚጠብቀው ነገር ጨዋታ ሠሪዎች የማይቆጥሩት ነው። የኢንተርኔት ጨዋታ በየሁለት ሦስት ወሩ ይታደሳል፤ አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ ካርታ፣ አዲስ ሕግ ይገባል። ለወራት የራቀ ሰው ሲገባ ስሙ የቀድሞ ተጫዋች ይላል፣ እውነቱ ግን ጀማሪ ነው። የድሮ ደረጃው ደግሞ ከጠነከሩት ጋር ያገናኘዋል። ተመላሹ ከአዲስ ገቢው የባሰ ይመታል።

በዚያው ሰሞን፣ በ2024፣ አክቲቪዥን የተባለው ትልቁ ኩባንያ ኮል ኦፍ ዲዩቲ በተሰኘው ጨዋታው ላይ ያደረገውን ሙከራ ውጤት አወጣ። ጠንካራ ተጫዋቾች እኩያ ማገናኘቱ ይቅርልን፣ ማንም ከማንም ይግጠም እያሉ ሲጮኹ ኖረዋል። ኩባንያው ለተወሰኑ ተጫዋቾች ሳያሳውቅ የእኩያ ማገናኛውን አላላው። በችሎታ ከላይ ካሉት ከመቶ አሥር በቀር ተጫዋቾቹ ቀድሞ እንደሚመለሱት ሳይመለሱ ቀሩ። መጀመሪያ የሸሹት ደካሞቹ ናቸው፤ እነሱ ሲቀሩ የመካከለኞቹ ተራ ይደርሳል። የጌም ቤቱ ሕግ በዓለም አቀፍ ሚዛን ተሞክሮ ያመጣው ውጤት ይህ ነው።

እንግዲህ ከዐፄ ልብነ ድንግል እስከ 2024 ያለው ታሪክ ወደ አንድ ፍርድ ይመጣል። ጨዋታን የሚያኖሩት ጎበዞቹ አይደሉም፤ ጎበዞቹ የሚያኖሩት ዝናውን ነው። ጨዋታውን የሚያኖረው ነገ የሚገባው ልጅ ነው። ሰንጠረዥ ያን ያህል ውብ የሆነ አጀማመር ይዞ የሞተው በሩ ላይ ዘበኛ ስለነበረ ነው።

በአገራችን ጨዋታ ለሚሠሩ ወጣቶች የምለው ይህን ነው። የመጀመሪያውን ሰዓት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሚችሉት ቋንቋ ይሥሩት። ከኢንተርኔት ውጭም የሚለማመዱበት ክፍል ይኑረው፤ መስመሩ ሲቋረጥ ልጁ ከጨዋታው አይቋረጥ። ፋይሉ ትንሽ ይሁን። እኩያውን ያገናኙት፤ ቦት ከሰጡትም ቦት መሆኑን ይንገሩት። ከወራት በኋላ የተመለሰውን እንደ ጀማሪ ይቀበሉት። የሰንጠረዥን ወረራ በስልክ ላይ ቢያመጡት ደግሞ በየትም ዓለም የሌለ፣ ጀማሪን የሚያስጠልል አጀማመር አላቸው። ጌም ቤት ያላችሁም በሳምንት አንድ ከሰዓት ለጀማሪዎች ብቻ ክፈቱ፤ ያን ቀን ያሸነፈውም ይነሣ፣ የተሸነፈውም ይቀመጥ። ዛሬ ያስተማራችሁት ልጅ ለዓመታት ደንበኛችሁ ይሆናል።